በጣና ላይ የአሮጌው ጀልባና የአዲሱ መርከብ ማዕድ

ድብ ባሕር ስሟ ባሕር ይዞ ባሕር የሌላት ከተማ ናት። ሊማሊሞን የሚወርድ መንገደኛ የሚያየው ገደልና ጭላዳ እንጂ ውኃና መርከብ አይደለም። ስለዚህ ከዚህች ቦታ ስለ መርከብ ጉዞና ስለ መርከብ ምግብ ሐሳብ ቢሰነዘር ለአንዳንድ አንባቢ የማያገባው ሰው ንግግር ሊመስለው ይችላል። ነገር ግን ድብ ባሕር የደጋና የቆላ መገናኛ እንደ መሆኗ መጠን፥ ከላይ ከደባርቅ በኩል የሚመጣው ገብስና ባቄላ፥ ከታች ከቆላው የሚወጣው ማሽላና ሰሊጥ በነጋዴዋ እጅ ያልፋል። ይህም እህል አንድ ጊዜ ጎንደር ከደረሰ በኋላ እስከ ጎርጎራ ወደብ የሚቀረው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በጣና ላይ የሚሄደው መርከብ መንገደኛውን ምን ያበላዋል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የሊማሊሞን ነጋዴ ኪስ በቀጥታ የሚነካ ጥያቄ ነው።

ጉዳዩ አሁን የሚነሣበት ምክንያት አለ። በሐይቁ ሰሜናዊ ዳርቻ የተሠራው የጎርጎራ ኢኮ ሪዞርት በ2016 ዓ.ም. ተመርቋል። «ጣና ነሽ 2» የተባለችውም ትልቅ ጀልባ በ2017 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ በከባድ ተሽከርካሪ ተጭና በየብስ ወደ ሐይቁ ጉዞ ጀምራለች፤ ርዝመቷ 38 ሜትር፥ የምትይዘውም ሰው 188 መሆኑ ተነግሯል። ይህን የሚያህል ብረት በበረሃና በተራራ አሻግሮ ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ወደሚገኝ ሐይቅ ለማምጣት መነሣት የሚያስመሰግን ድፍረት ነው። ስለ ሞተሯና ስለ ርዝመቷ ብዙ ሲነገር፥ ስለ ወጥ ቤቷ ግን እስካሁን ብዙ አልተነገረም። የንግዱ ሰው መጠየቅ ያለበት እርሱን ነው።

ከጣሊያን ወረራ ዘመን አንሥቶ በጣና ላይ በሞተር የሚሄድ ጀልባ ነበረ። በኋላም ለብዙ ዓመታት የሕዝብ ማመላለሻው ጀልባ በሳምንት አንድ ጊዜ ከባሕር ዳር እየተነሣ፥ በዘጌና በደቅ በኩል አልፎ፥ ቁንዝላ አድሮ በማግሥቱ ጎርጎራ ይገባ ነበር። የዚያ ጀልባ ማዕድ የመንገደኛው የራሱ ስንቅ ነበረ። አንዱ ዳቦ ቆሎ፥ አንዱ በሶ፥ አንዱ ድርቆሽ፥ ደኅና ቤት ያለው ደግሞ በአገልግል የታሰረ ወጥ ይዞ ይሳፈራል። ነጋዴው በጆንያው ላይ፥ ባልቴቷ በዶሮ ቅርጫቷ አጠገብ፥ ቄሱ መስቀላቸውን እንደ ያዙ በጥላው በኩል ይቀመጣሉ። ፀሐይ ከፍ ስትል አንዱ አገልግሉን የፈታ እንደ ሆነ «እንብላ» ማለት ግዴታው ነው፤ የተጠራውም አንድ ጉርሻ ሳይቀምስ ቢቀር ነውር ነው። በዚህ ዓይነት ከባሕር ዳር ሲነሡ የማይተዋወቁ ሰዎች ደቅ ሲደርሱ የእህል ዋጋ ይጠያየቃሉ፥ ቁንዝላ ሲያድሩ በአንድ ጣሪያ ሥር ሒሳብ ያወራሉ፥ ጎርጎራ ሲወርዱ ተማምነው ዕቃ ይቀባበላሉ። ስንት የጎንደርና የጎጃም ሽርክና በዚያ ጀልባ ወለል ላይ እንደ ተጀመረ ሊናገር የሚችል ጸሐፊ የለም፤ በመዝገብ አልገባምና።

ይሁን እንጂ የትናንቱን ሁሉ ማመስገን ትክክለኛ ፍርድ አይሆንም። ጥላው ጥቂት፥ ወንበሩ ጠባብ፥ መጸዳጃው ባይነሣ የሚሻል ነበረ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ሕፃናት ያስታውካሉ፤ የመነሻው ሰዓትም እንደ ተጻፈው አይጠበቅም ነበር። ከሞተሩ ጀልባ በፊት የነበረችውና ዛሬም ያለችው የደንገል ታንኳ፥ የሠሪዎቿ ጥበብ እጅግ የሚደነቅ ቢሆንም፥ ውኃ እየጠጣች ቶሎ ትከብዳለች። ስለዚህ «አሮጌው ይሻላል» ብሎ የሚከራከር ሰው በመጀመሪያ ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ወለል ላይ ተቀምጦ ይምጣ።

በሰፊው ዓለም ይኸው ክርክር በመርከብ ባለቤቶች መካከል በብዙ ገንዘብ ይካሄዳል። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1840 የሆነው የኩናርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ ባስጀመራት በ«ኩዊን ሜሪ 2» ላይ የጥንቱን ሥርዓት እስከ ዛሬ ይጠብቃል፤ መንገደኛው የሚመገብበት አዳራሽ በተከራየው ክፍል ደረጃ ይወሰናል፥ በአንዳንድ ምሽትም ክት ልብስ ለብሶ እንዲቀርብ ይጠየቃል። የኖርዌጅያን ኩባንያ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2000 የተወሰነ ሰዓትና የተወሰነ ወንበር የሚባለውን ልማድ አስቀርቶ፥ ሰው በፈለገው ጊዜ በፈለገው ስፍራ ይብላ አለ። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ጉዞ የጀመረችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» ደግሞ 20 ፎቅ ያላትና እስከ 7,600 መንገደኛ የምትይዝ ስትሆን፥ የመመገቢያ ስፍራዎቿ ከ20 ይበልጣሉ። ይህች መርከብ ከተባለች ደባርቅ መንደር መባሏ ነው።

ለጣና ይበልጥ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ከዚሁ ሐይቅ የሚወርደው ውኃ በሚያልፍበት በግብፅ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1921 የተሠራችው «ሱዳን» የተባለች የእንፋሎት መርከብ አሁንም በሉክሶርና በአስዋን መካከል ትመላለሳለች። ዙሪያዋን ተንሳፋፊ ሆቴል የሚመስሉ ዘመናዊ መርከቦች ሞልተው ሳለ፥ የእንጨት ወለሏና ዝግታዋ ከብዙዎቹ በበለጠ ዋጋ ይሸጣል። ግብፃውያን አሮጌውን አልጣሉትም፤ አጥበውና አድሰው ዋጋ ጨመሩበት እንጂ።

በደረጃ ተከፋፍሎ መብላት ለጎንደር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በነገሥታቱ ግቢ ግብር ሲበላ ሰው በማዕረጉ መጠን ይቀመጥ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የጀልባው ወለል ግን ግቢ አልነበረም፤ ደጃዝማች ባልነበረበት ስፍራ ሁሉም እኩል ይጎራረስ ነበር። በአዲሱ መርከብ ላይ ከእነዚህ ከሁለቱ ልማዶች የትኛው እንደሚገባ ከአሁኑ ካልታሰበበት፥ በየከተማው እንደሚታየው የሁለቱም ያልሆነ ሦስተኛ ነገር ይገባል፤ ይኸውም ፓስታ ከቆርቆሮ ቲማቲም ጋር፥ ዳቦ ከላስቲክ ውስጥ፥ በምሽት ደግሞ ጆሮ የሚያደነቁር የድምፅ ማጉያ ነው። በድምፅ ማጉያው ላይ አንድ ቃል መጨመር ይፈቀድ፤ በጣና ላይ ሲመሽ የወፍ ድምፅና የውኃ ድምፅ በነፃ ይሰማል፥ ማሲንቆ ቢጨመርበት ደግ ነው፥ ኤሌክትሪክ ቢጨመርበት ግን መንገደኛው ከከተማ አልወጣም ማለት ነው።

ምግቡስ ከየት ይምጣ? ቡናው ከዘጌ ጫካ፥ ጤፉና ሽምብራው ከደንቢያ፥ ባቄላውና ገብሱ ከደባርቅና ከዳባት፥ ማሩ ከቆላው ሊመጣ ይችላል። በአሮጌው ጀልባ ላይ በአገልግል ይታይ የነበረው ሁሉ በንጹሕ ሳህን ሊቀርብ ይችላል፤ ባለሙያ ሴቶችም ሞልተዋል። ቡናው በከሰል ምድጃ ሊፈላ አይገባም፥ በመርከብ ላይ እሳት ቀልድ አይደለምና፤ በኤሌክትሪክ ምድጃ ተፈልቶ በጀበና ቢቀርብ ማንም አይከፋም። የጾም ቀናት ብዙ በሆኑበት አገር ሽሮና ምስር፥ ተልባና ሱፍ ፍትፍት በደንብ የሚሠራ ወጥ ቤት በዓመት ከግማሽ በላይ ለሚሆነው ጊዜ ገበያ አለው።

በዓሣ ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቆረሶና አምባዛ በጣና ላይ ለመንገደኛ መቅረባቸው ተገቢ ነው። ነጭ ዓሣ የሚባለው ግን በዓለም ላይ በጣና ብቻ የሚገኙ ብዙ ዘሮች ያሉት ሲሆን፥ በክረምትና በክረምት መውጫ ለመራባት ወደ መገጭ፥ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች ይወጣል። በዚያ ወራት በወንዝ አፍ በመረብ ሲጠመድ ቆይቶ ቁጥሩ እጅግ ቀንሷል። እምቦጭም ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ሲያስጨንቅ ኖሯል። ስለዚህ መርከቡ በመራቢያው ወራት ነጭ ዓሣ አልገዛም ቢል፥ ዛሬ ጥቂት ቢቀርበትም የነገ ወጥ ቤቱን ያድናል።

የውጭ አገር ጎብኚ ብቻ ታይቶ ዋጋ ቢቆረጥ ሌላ ስሕተት ይሆናል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የተነሣው ግጭት ጎብኚውን ምን ያህል እንዳራቀው የጎንደር ሆቴል ባለቤቶች ያውቁታል። በእንደዚህ ያለ ዘመን መርከብ የሚኖረው በአገር ልጅ ነው፤ ለበዓለ ጥምቀት ወደ ጎንደር በሚመጣው፥ ለሠርጉ በሚዝናናው፥ ይልቁንም በየሳምንቱ ከደቅና ከቁንዝላ ወደ ገበያ በሚመላለሰው። ይህ ሰው ጆንያውን ይዞ የሚቀመጥበት የተወሰነ ወለልና የሚችለው ዋጋ፥ ስንቁንም የሚፈታበት ጥላ ሊጠበቅለት ይገባል። በላይኛው ፎቅ የሚመገበው እንግዳ «እንብላ» የሚባለውን ቃል ሊሰማ የሚችለው ከዚህ ሰው ነውና፥ እርሱን ከመርከብ አውርዶ በምትኩ ለእንግዳው ጭፈራ ማሳየት የተገላቢጦሽ ንግድ ነው።

ወቀሳው ሁሉ ግን በመርከብና በሆቴል አስተዳዳሪዎች ላይ ብቻ ቢደርስ ፍርድ ይጓደላል። ከሊማሊሞ በታች የሚኖር አንድ ነጋዴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ትልቅ ሆቴል ምስር ለማቅረብ ተዋውሎ ነበር። የመጀመሪያው ጭነት ንጹሕ ነበረ፤ በሁለተኛው ጠጠር ተገኘበት፤ ሦስተኛው ከቀኑ ዐሥራ አንድ ቀን ዘግይቶ ደረሰ። ሆቴሉ ውሉን አፍርሶ በማሸጊያ የመጣ ምስር መግዛት ጀመረ፤ ነጋዴውም እስከ ዛሬ ድረስ «የአገራቸውን እህል ናቁ» እያለ ያማል። ጠጠሩን ግን የናቀው ማን ነበረ? በአሮጌው ጀልባ ላይ ጆንያ ከፍቶ በዓይን አይቶ የሚገዛ ሰው ይቅር ይል ነበር፤ 188 ሰው በአንድ ሰዓት ለማብላት የተነሣ ወጥ ቤት ግን ጠጠር የሚለቅምበት ጊዜ የለውም። እህሉ ተበጥሮ፥ ተመዝኖ፥ ቀኑ ተጽፎበት መድረስ ይኖርበታል፤ ለዚህም የድብ ባሕርና የደባርቅ ነጋዴዎች በየግላቸው ከሚሮጡ በማኅበር ሆነው አንድ ማበጠሪያና አንድ መጋዘን ቢኖራቸው ወጪው ይቀልላቸዋል።

ስለዚህ የንግድ ምክር ቤቱ የመርከቡንና የሪዞርቱን አስተዳደር በዚህ ነገር ቢያነጋግር የተገባ ነው። የሚጠየቀውም ብዙ አይደለም፤ ወጥ ቤቱ በወር ስንት ኩንታል ባቄላ፥ ስንት ኪሎ ማር፥ ስንት ኪሎ ቡና እንደሚፈልግ፥ በምን ዓይነት ጥራትና በየትኛው ቀን እንደሚረከብ በጽሑፍ እንዲገለጽ ነው። ወረቀቱ ከመስቀል በፊት ቢወጣ አዲሱ እህል ከመወቃቱ አስቀድሞ ነጋዴው ከገበሬው ጋር ሊነጋገር ይችላል። ከጎንደር በማለዳ የተነሣ መኪና ሊማሊሞን ወርዶ በዚያው ቀን ድብ ባሕር ያደርሰዋል።