የኮምፒውተር ዓምድ፦ «ልጆቼን ማን ወሰዳቸው?»



እንደሚታወቀው ወደ አገር ከገባንበት ቀን ጀምሮ ስማችን ያልተመዘገበበት ቦታ የለም። በኡልፓን፣ በኩፓት ሖሊም፣ በልጆቻችን ትምህርት ቤት ጸሐፊዋ ስማችንን የምታወጣው ከመረጃ ቋት ነው። የመረጃ ቋት በኮምፒውተር ውስጥ ያለ መዝገብ ሲሆን፣ በሰንጠረዥ የተከፋፈለ ነው። አንዱ ረድፍ አንድ ሰው ነው፤ ዓምዶቹ ስሙን፣ የልደት ቀኑንና ስልኩን ይይዛሉ።

እንዲህ ያለውን መዝገብ ለማየትና ለማረም ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ «ዲቢ ብራውዘር ፎር ኤስኪውላይት» ይባላል። ያለ ክፍያ ይገኛል። ፋይሉን ከፍተን «ብራውዝ ዳታ» የሚለውን ስንጫን ሰንጠረዡ ይታያል። ከዓምዱ ርእስ ሥር ባለው ባዶ ቦታ ስም ስንጽፍ ያ ስም ያለባቸው ረድፎች ብቻ ይቀራሉ። ያረምነው ነገር በፋይሉ ላይ የሚጸናው «ራይት ቼንጅስ» የሚለውን ስንጫን ነው። ከዚያ በፊት «ሪቨርት ቼንጅስ» ብንል ሁሉም እንደ ነበረ ይመለሳል።

አሁን በእኛ የደረሰውን እንንገራችሁ። ለበዓል እሽግ የሚሰጣቸውን ቤተሰቦች ዝርዝር ስናስተካክል የአንዲትን እናት ስም «ፀሐይ» ብለን ብንፈልግ አጣነው። አልተመዘገቡም ብለን አዲስ ረድፍ ከፈትን። ቆይተን «ጸሀይ» ተብለው ተጽፈው አገኘናቸው። ሁለት ጊዜ እንዳይቆጠሩ ብለን የድሮውን ረድፍ ሰረዝን፤ አጸናነውም። የአምስቱ ልጆቻቸው ስም ግን በሌላ ሰንጠረዥ ሆኖ ከእናታቸው ጋር የተያያዘው በዚያ በሰረዝነው ረድፍ መለያ ቁጥር ነበር። እናትዮዋ ብቻቸውን እንደሚኖሩ ተቆጠሩና የአንድ ሰው እሽግ ደረሳቸው። መጥተው «ልጆቼን ማን ወሰዳቸው?» ሲሉን አንገታችንን ደፋን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ የልጆቹን ረድፎች አንድ በአንድ መልሰን አያያዝን።

ስለዚህ በየማኅበሩና በየጽሕፈት ቤቱ ይህን ሥራ ለጀመራችሁ ወጣቶች የምንመክረው ይህን ነው፦

1. ከማረማችሁ በፊት የፋይሉን ቅጂ አስቀምጡ።

2. ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ ለጆሯችን አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተሩ ልዩ ልዩ ፊደላት ናቸው። ስም ስትፈልጉ በሁሉም ሞክሩ። በተዑዳት ዜሁት ቁጥር መፈለግ ግን ይበልጣል።

3. ያ ቁጥር 9 አሃዝ ነው። በ0 የሚጀምር ከሆነና ዓምዱ ለሂሳብ ቁጥር የተሠራ ከሆነ 0ው ይጠፋል። ዓምዱ «ቴክስት» ይሁን። ለስልክም እንዲሁ።

4. መስከረም 1950 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እዚህ ሴፕቴምበር 1957 ነው። ሳይለወጥ ከተጻፈ ሰውየው በ7 ዓመት ያረጃል።

እናንተም ወላጆቻችን፣ በምትመዘገቡበት ጊዜ ጸሐፊዋ የጻፈችውን እንድታሳያችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ። ስማችሁን፣ የልደት ቀናችሁንና የልጆቻችሁን ቁጥር እዚያው አይታችሁ ተነሡ። ዕብራይስጥ ማንበብ ገና ካልለመዳችሁ ልጃችሁን ወይም ጎረቤታችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

በሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን።