ማሳከኩ ቆመ ማለት ልጅዎ ዳነ ማለት አይደለም!



በገበያ ቀን ከገጠር ወደ ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም የገባ ሰው ጨውና ዘይት ሲሸምት አንድ ቱቦ ቅባትም ደርቦ ይመለሳል። ያው ቱቦ ለልጁ ጭርት፣ ለእናት ማድያት፣ ለአባት እከክ፣ ለጨቅላው የመቀመጫ ሽፍታ ይውላል። ማን አዘዘው? ጎረቤት። ማን ሸጠው? ማዘዣ ያልጠየቀ ሻጭ።

ቱቦው ላይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ካለ ስቴሮይድ ነው። ክሎቤታሶል ከሃይድሮኮርቲሶን 600 እጥፍ ያህል ይበረታል። ለአዋቂ እንኳ በተከታታይ ከ2 ሳምንት በላይ አይቀባም።

«ዶክተር፣ በ2 ቀን እኮ ነው የተሻለው!» ትሉኛላችሁ። የሚያታልለውም ይሄው ነው። ስቴሮይድ መቅላቱንና ማሳከኩን ያበርዳል፤ ፈንገሱን ወይም የእከክ ተባዩን ግን አይገድልም። የቆዳው መከላከያ ስለሚዳከም ጭርቱ መልኩን ቀይሮ ይሰፋል፤ እከኩም ቤተሰቡን ያዳርሳል። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በክልላችን እከክ እንዴት እንደተዛመተ አንርሳ።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲዘወተር፦
🔴 ቆዳ ይሳሳል፣ ሸንተረር ያወጣል፣ የፊት ደም ሥሮች ጎልተው ይታያሉ
🔴 ፊት በብጉር ይሞላል፤ ሲያቆሙት ይቀላል፣ ያቃጥላል
🔴 ዓይን አካባቢ ከተቀባ ለግላኮማና ለዓይን ሞራ ያጋልጣል
🔴 በሕፃናት ወደ ደም ገብቶ ፊት ያሳብጣል፣ እድገት ይገታል

«ፊት ያጠራል» እያላችሁ የምትሸጡ! የምታጠሩት ፊት ነገ ፀሐይ የማይችል ፊት ነው። ማዘዣ መጠየቅ ደንበኛን ማባረር ሳይሆን የሙያችሁ ግዴታ ነው።

«ጤና ጣቢያ ወረፋ አለው» የምትሉም፣ እውነት ነው፣ አለው። ግን ለቱቦው ቡሬ ድረስ የሄደ ሰው ለምርመራም መድረስ ይችላል።

መድኃኒቱ በራሱ ጠላት አይደለም፤ ለችፌ በትክክል ሲታዘዝ እፎይታ ይሰጣል። ስለዚህ ከመቀባትዎ በፊት ይጠይቁ፦
✅ ስቴሮይድ አለው ወይ?
✅ የልጄ በሽታ ስሙ ምንድን ነው?
✅ የት፣ ምን ያህል፣ ለስንት ቀን?

ለወራት ሲቀቡ ከቆዩ በራስዎ በድንገት አያቁሙ። ቱቦውን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሂዱ።

የልጅ ቆዳ መሞከሪያ አይደለም። ለሌሎች ወላጆችም ያጋሩ 🙏