የመተማ ፀሐይና የጣሪያው ሶላር፦ ምርቱ በምን ይለካል?

ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከቋራ እስከ ምዕራብ አርማጭሆ በተዘረጋው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ፀሐይ የሚተርፍ እንጂ የሚጎድል ሀብት አይደለም። በመጋቢትና በሚያዝያ የአየሩ ሙቀት 40 ዲግሪ ሴልሺየስን የሚያልፍባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። ከዚህ የተነሣ «ፀሐዩ እንዲህ ከበረታ በጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሶላርም እንዲሁ ይበረታል» ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። እውነታው ግን ከዚህ ይለያል። የፀሐይ ፓነል ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ከብርሃን ነው፤ ሙቀት ምርቱን ይቀንስበታል። በመሆኑም ዓመቱ እጅግ በሚሞቅባቸው ወራት ፓነሉ በጀርባው ከተጻፈለት ኃይል በታች ይሰጣል።

ጉዳዩ የሳይንስ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከሰሊጥ፣ ከጥጥና ከማሽላ ሽያጭ የተገኘ ገንዘብ ለፓነልና ለባትሪ ሲወጣ፣ አርሶ አደሩ የሚገዛው በየማታው የሚያገኘውን ብርሃን፣ በሙቀቱ ሌሊት የሚዞርለትን ማራገቢያና ኃይል የሚሞላለትን ስልክ ነው። ያ አገልግሎት በተከፈለበት ልክ እየመጣ መሆኑ የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው። ሰሊጡን በኩንታል፣ መሬቱን በሄክታር የሚለካ ገበሬ የጣሪያውን ምርት ለዓይን ግምት የሚተውበት ምክንያት የለም።

መስመሩ በላይ፣ ሶላሩ በታች

ምዕራብ ጎንደር ከኤሌክትሪክ ጋር ያለው ግንኙነት ለየት ያለ ነው። ኢትዮጵያ ለሱዳን ኃይል የምትሸጥበት 230 ኪሎ ቮልት የማስተላለፊያ መስመር ከጎንደር ተነሥቶ በሸኸዲና በመተማ በኩል ወደ ገዳሪፍ ይዘልቃል። ሽያጩም እ.አ.አ. በ2013 ተጀምሯል። ይሁን እንጂ ከፍተኛ ኃይል የተሸከመ መስመር በመንደር አናት ላይ ማለፉ ብቻውን መንደሯን ባለ መብራት አያደርጋትም። ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር፣ ምሰሶና ቆጣሪ ያስፈልጋሉ፤ በተራራቁ የእርሻ ሰፈሮች ደግሞ የእነዚህ ሁሉ ወጪ ይከብዳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የአገሪቱን የማመንጨት አቅም ከፍ አድርጓል፤ ኃይሉን እስከ መጨረሻው ጎጆ የማድረሱ ሥራ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

እ.አ.አ. በ2019 የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን መርሐ ግብርም ይህን ከግምት አስገብቷል። እ.አ.አ. እስከ 2025 ኤሌክትሪክን ለሁሉም ለማዳረስ ሲያቅድ 65 በመቶው በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ ባሉ አማራጮች እንዲሸፈን ነበር የታሰበው። የዓለም ባንክ እ.አ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው የቤተሰብ ዳሰሳ፣ ከኢትዮጵያ ቤተሰቦች 33 በመቶ ያህሉ ከመስመር፣ 24 በመቶ ያህሉ ደግሞ ከመስመር ውጭ ኤሌክትሪክ ያገኙ ነበር። በሌላ አነጋገር፣ ኤሌክትሪክ ከሚያገኙት ከየአምስቱ ቤተሰቦች ሁለቱ ያህል ኃይላቸው ከዋናው መስመር የመጣ አልነበረም።

ለአገሪቱም ሆነ ለአማራ ክልል የሶላር መንደር አዲስ ነገር አይደለም። ሚቶ በተባለች መንደር 10.5 ኪሎ ዋት የሚያመነጭ የፀሐይ ኃይል ጣቢያ የተተከለው እ.አ.አ. በ1985 ነበር። በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ ደግሞ 2 ሺህ ያህል ቤቶቿ በየራሳቸው ሶላር መብራት ያገኙባት የገጠር ቀበሌ ናት። በሬማ ከፓነሉ ጋር አብሮ የቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ ተከፍቶ ነበር። ይህም ፓነል መስቀል የሥራው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ እንዳልሆነ ያሳያል።

ከአንድ ዋት ስንት ይገኛል?

በኢትዮጵያ አንድ ካሬ ሜትር ስፍራ በቀን በአማካይ 5.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል እንደሚያገኝ ይገመታል፤ እንደየአካባቢውም ከ4.25 እስከ 6.25 ይለያያል። አማካዩን ብንወስድ፣ አንድ ባለ 100 ዋት ፓነል ምንም ሳይባክንበት በቀን 520 ዋት ሰዓት መስጠት ነበረበት። ሆኖም ሙቀቱ፣ አቧራውና ሽቦው የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። በደህና ሁኔታ ከተተከለ ፓነል ባትሪው ዘንድ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ውስጥ ከ70 እስከ 80 በመቶው፣ ማለትም ከ365 እስከ 415 ዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ በበጋ ወራት ከእያንዳንዱ ዋት በቀን ወደ 4 ዋት ሰዓት መጠበቅ ተገቢ መነሻ ነው።

ከሚባክነው ውስጥ በቆላ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ሙቀት ነው። በፓነል ጀርባ የሚጻፈው የዋት መጠን የሚለካው በቤተ ሙከራ፣ የፓነሉ የራሱ ሙቀት 25 ዲግሪ በሆነበት ሁኔታ ነው። በመተማ ቀትር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተለጠፈ ፓነል ግን 65 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል። የተለመዱት የሲሊከን ፓነሎች ከ25 ዲግሪ በላይ ለሚጨምር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከ0.3 እስከ 0.45 በመቶ ኃይላቸውን ያጣሉ። በ0.4 ሲሰላ የ40 ዲግሪ ልዩነት 16 በመቶ ይሆናል፤ 100 ዋት የተባለው ፓነል በዚያች ሰዓት 84 ዋት ገደማ ይሰጣል ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ፓነሉ ከቆርቆሮው ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ሲታሠር በሥሩ ነፋስ ይገባና ይቀዘቅዛል።

ባትሪውንም ሙቀት ይጎዳዋል። የእርሳስና አሲድ ባትሪ በ25 ዲግሪ ሊኖር ከሚገባው ዕድሜ፣ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ግማሽ ያህሉን እንደሚያጣ በሙያው የታወቀ መለኪያ ነው። ስለሆነም ከቆርቆሮ ግድግዳ ርቆ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ጥግ መቀመጥ ይኖርበታል።

የወራቱ ልዩነትም ሊታሰብበት ይገባል። ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ የጠራ፣ አየሩም በአንጻሩ ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ ፓነል መልካም ምርት የሚሰጥበት ጊዜ ነው። በመጋቢትና ሚያዝያ ፀሐዩ ቢበረታም ሙቀትና አቧራ ይቀንሱታል፤ በሐምሌና ነሐሴ ደመናው ያይላል። የሰሊጥ ገንዘብ እጅ የሚገባው ከመከር በኋላ እንደመሆኑ፣ በዚያን ጊዜ የተገዛ ሶላር የሚፈተነው ምርጥ በሆኑት ወራቱ ነው። ከጥር ምርቱ ተነሥቶ የማራገቢያና የቴሌቪዥን ዕቅድ ያወጣ ቤተሰብ በክረምት ቢያዝን አይገርምም። ዓመቱን በሙሉ የተያዘ መዝገብ ይህን ቅሬታ ከመነሻው ያስቀራል።

አቀማመጡም የራሱ ድርሻ አለው። መተማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ ቋሚ ፓነል ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል ለዓመቱ ድምር ይስማማዋል፤ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፓነል የላይኛው ጫፉ ከታችኛው 26 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል 15 ዲግሪ ያዘነብላል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በመሆኑም ከዚህ በላይ ወደ ደቡብ የተንጋደደ ፓነል በእነዚህ ወራት ይበልጥ ይከስራል።

ንጽጽሩ ፍትሐዊ እንዲሆን

በጎረቤታሞች መካከል «የእገሌ ሶላር ከእኔ ይበልጣል» የሚለው ንግግር የተለመደ ነው። ነገር ግን ባለ 300 ዋቱን ከባለ 100 ዋቱ ጋር በድምር ማወዳደር ሦስት ሄክታርን ከአንድ ሄክታር ጋር እንደማወዳደር ነው። ምርት በሄክታር እንደሚሰላ ሁሉ የሶላርም ምርት በዋት መካፈል አለበት። ለአብነት የአንዱ ቤት ባለ 100 ዋት ፓነል በቀን 380 ዋት ሰዓት፣ የሌላው ባለ 300 ዋት ደግሞ 840 ዋት ሰዓት ቢሰጡ፣ የመጀመሪያው ከየዋቱ 3.8፣ ሁለተኛው 2.8 አስገኝቷል። በድምር የበለጠው ቤት በእርግጥ ችግር ያለበት ቤት ነው፤ አቧራ፣ የዛፍ ጥላ፣ የላላ ሽቦ ወይም የማይስማማ መቆጣጠሪያ ሊኖር ይችላልና መፈተሽ አለበት።

መለኪያው ብዙውን ጊዜ በቤት ውስጥ አለ። አብዛኞቹ አዳዲስ ቻርጅ ኮንትሮለሮችና ኢንቨርተሮች የዕለቱን ምርት በመስታወታቸው ያሳያሉ፤ አንዳንዶቹም በስልክ ይነበባሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ቁጥሩን በደብተር መመዝገብ፣ ከጎኑም ሰማዩ ጠራ ወይም ደመነ፣ ፓነሉ ተወለወለ ወይም አልተወለወለም ብሎ መጻፍ ይበቃል።

ሆኖም ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ባትሪ ሲሞላ የሚፈጠረው ነው። ባትሪው ከቀትር በፊት ከሞላ መቆጣጠሪያው ኃይል መቀበሉን ይቀንሳል፤ በዚያ ቀን የተመዘገበው ዝቅተኛ ቁጥር የሚናገረው ስለ ፓነሉ ድክመት ሳይሆን ስለ ቤቱ አነስተኛ ፍጆታ ነው። ስለዚህ ንጽጽሩ ባትሪው ሳይሞላ በዋለባቸው ቀናት መሆን ይኖርበታል።

ሁለተኛው የመቆጣጠሪያው ዓይነት ነው። ለከተማ ጣሪያ የሚሠራ 250 ዋት ፓነል በ30 ቮልትና በ8.3 አምፔር ይሠራል። በተለመደው ፒ.ደብሊው.ኤም. መቆጣጠሪያ ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ሲገናኝ ቮልቱ ወደ 13 ይወርዳል፤ 13 በ8.3 ሲባዛ 108 ዋት ብቻ ይሆናል። ገዥው ለ250 ዋት ከፍሎ ከግማሽ በታች ያገኛል። ኤም.ፒ.ፒ.ቲ. የሚባለው መቆጣጠሪያ ዋጋው ከፍ ቢልም ይህን ኪሳራ ያስቀራል።

የጀርመን ተሞክሮም ከዚህ ጋር ይሄዳል። አገሪቱ እ.አ.አ. በ1990 «የ1 ሺህ ጣሪያዎች» የተባለውን መርሐ ግብር ጀምራ፣ በመጨረሻ ከ2 ሺህ በላይ ቤቶች ላይ ሶላር ስትተክል ምርታቸው እንዲለካ አድርጋ ነበር። ልኬቱ በተመሳሳይ ፀሐይ ሥር ባሉ ቤቶች መካከል ሰፊ ልዩነት እንዳለ አሳየ። ከምክንያቶቹም መካከል ጥላ፣ የመሣሪያ ብልሽትና በጀርባቸው ከተጻፈው በታች የሚሰጡ ፓነሎች ይገኙበታል። እነዚህ እንከኖች የታወቁት ቁጥሮቹ ጎን ለጎን ስለተቀመጡ ነው።

ከመግዛት በፊት፣ በሜትር

የመጀመሪያው ልኬት በሱቁ በር ላይ መደረግ ይችላል። በጠራ ቀትር አንድ ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው የፀሐይ ኃይል 1 ሺህ ዋት ገደማ ነው። በገበያ ያሉ ጥሩ ፓነሎች ከዚህ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት ከ18 እስከ 22 በመቶውን ነው። ስለዚህ እውነተኛ 100 ዋት ፓነል ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ይፈልጋል። ግማሽ ካሬ ሜትር ሆኖ «200 ዋት» የተጻፈበት ፓነል ጽሑፉ ከስፋቱ ጋር አይስማማም። የልብስ ሰፊ ሜትር እንኳ ይህን ያጋልጣል።

ሁለተኛው ፈተና በቴስተር የሚደረግ ነው። ባለ 12 ቮልት 100 ዋት ፓነል በጀርባው የአጭር ዙር ጅረቱ 6 አምፔር ገደማ መሆኑ ይጻፍበታል። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ሰማዩ ሲጠራ፣ ፓነሉን ከማንኛውም ነገር ነጥሎና ፊቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ፣ አሥር አምፔር የሚችል ቴስተር ማገናኘት ነው፤ ሲያገናኙ ፓነሉን በጨርቅ መሸፈን ብልጭታን ያስቀራል። ይህ ቁጥር በሙቀት ብዙ አይለወጥም። ከተጻፈው በ10 ወይም 15 በመቶ ቢያንስ የሚያሳስብ አይደለም፤ ግማሽ ከሆነ ግን ፓነሉ የተባለውን እንደማይሰጥ ማስረጃ ነው። ብዙ ፓነሎች የተያያዙበትን ትልቅ ተከላ መንካት ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

መዝገቡ ከቤት ሲወጣ

የልዩነቱ ትርጉም በቤት ውስጥ ይታያል። ሌሊቱን ስምንት ሰዓት የሚዞር ባለ 20 ዋት ማራገቢያ 160 ዋት ሰዓት፣ አራት ሰዓት የሚበሩ አራት ባለ 5 ዋት አምፖሎች 80፣ ሁለት ስልኮች 20፣ በድምሩ 260 ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ። ባለ 100 ዋት ፓነል ከየዋቱ 3.8 ሲያስገኝ በባትሪው የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ ይህ ይሸፈናል። ወደ 2.8 ከወረደ ግን ማራገቢያው ሳይነጋ ይቆማል። ፓነል ሳይጨመር፣ ጠዋት ወይም ማታ በውኃና በለስላሳ ጨርቅ በመወልወል፣ ጥላ የጣለውን ቅርንጫፍ በመቁረጥና ሽቦ በማጥበቅ ይህን ልዩነት ማጥበብ ይቻላል። በቀትር ግን በጋለው መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ከቤት ከፍ ሲልም ጥቅሙ ይሰፋል። በዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መለኪያ አንድ ቤት በሁለተኛው ደረጃ ለመቆጠር በቀን ቢያንስ 200 ዋት ሰዓት ማግኘት አለበት፤ የአንደኛው ደረጃ መነሻ 12 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ባለ 50 ዋት ሶላር የተሰጠው ቤተሰብ በወረቀት ሁለተኛው ደረጃ ላይ ሊጻፍ ይችላል። በሙቀትና በአቧራ ከየዋቱ 3 ብቻ ካገኘ ግን በእጁ ያለው 150 ነው፤ ወደ አንደኛው ወርዷል። የተከፋፈለውን ፓነል ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት ይህን አያይም። በክትባት ማቀዝቀዣ ላይ ደግሞ ጉዳዩ የምቾት ብቻ አይሆንም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት አለበት፤ ወባና ካላ-አዛር በሚያሠጉት ቆላ የጤና ኬላ ኃይል መድከሙ ቀድሞ መታወቅ ይኖርበታል።

ለዚህ አዲስ ተቋም ማቋቋም አያስፈልግም። በየቀበሌው ጥቂት ቤቶችና የጤና ኬላው በየዋቱ የተገኘውን ምርት በየወሩ ቢያሳውቁ፣ የወረዳው የኢነርጂ ባለሙያዎችና የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ቁጥሩን ጎን ለጎን አስቀምጠው የትኛው ፓነል፣ የትኛው ባትሪና የትኛው አሠቃቀል ቆላውን እንደሚችል ማሳየት ይችላሉ። ቀጣዩ ገዥ በሻጭ ቃል ፋንታ በጎረቤቱ መዝገብ ይመራል። ዋስትና የሚጠይቅ ደንበኛም የዓመት ቁጥር ይዞ ሲቀርብ ክርክሩ ያጥራል። በመጋቢት ሙቀት አንድ የጠራ ሳምንት፣ በነሐሴ ደመና ሌላ ሳምንት መመዝገብ ለጅማሬው በቂ ነው፤ በሁለቱ መካከል የሚታየው ልዩነት ለቀጣዩ ዓመት ምን ያህል ፓነል፣ ምን ያህልስ ባትሪ እንደሚያስፈልግ ይነግራል።