የመድን መታወቂያው ሐኪሙ ያለበት ድረስ ይሥራ

ሽንቱ የተቋጠረበትን ሰው ነገ ና ማለት አይቻልም። ከዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ወረዳዎች፣ ከደሃና ወይም ከዝቋላ ተነሥቶ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ አጠቃላይ ሆስፒታል የሚደርስ አዛውንት በቱቦ ሽንቱ ሲፈስለት ነፍሱ መለስ ትላለች። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነም መታወቂያው እዚያ ያገለግለዋል። መድኑ እስከዚህ ድረስ ቃሉን ይጠብቃል። ነገር ግን ቱቦው የታሰረውን ሽንት ለቀቀ እንጂ መውጫውን የዘጋውን ያደገ ፕሮስቴት አላነሣም። ያን የሚያክመው የሽንት ቧንቧ ስፔሻሊስት፣ ዩሮሎጂስት የሚባለው ሐኪም፣ የት ነው ያለው? ቢገኝስ ከሰቆጣ የመጣ መታወቂያ ይቀበላል?

የዚህ ጋዜጣ አቋም ግልጽ ነው። የመድኑ ውል በሽተኛውን ተከትሎ ስፔሻሊስቱ ያለበት ድረስ መሄድ አለበት። በሽተኛው መሄድ በማይችልበት ጊዜ ደግሞ ስፔሻሊስቱ ወደ ሰቆጣ መምጣት አለበት።

ጉዳዩ የጥቂት ሰዎች ተደርጎ እንዳይታይ። የፕሮስቴት ማደግ በ50ዎቹ ዕድሜ ውስጥ ካሉ ወንዶች በግማሽ ያህሉ፣ 80 ዓመት ካለፋቸው ደግሞ ከአሥሩ በስምንቱ ገደማ ላይ ይገኛል። ሁሉም አይታመሙበትም። የሚታመሙት ግን ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ይነሣሉ፣ ሽንታቸው እየተንጠባጠበ ያስቸግራቸዋል፣ ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ ቤት መቀመጥ ይከብዳቸዋል። በእኛ አገር ሽማግሌ ይህን ለልጁ እንኳ አይናገርም። የዕድሜ ነው ብሎ ይችለዋል፤ ሆስፒታል የሚሄደው ፈጽሞ ሲዘጋበት ነው። በዚህ መካከል ወደ ኋላ የሚገፋው ሽንት ኩላሊቱን ይጎዳል። የፕሮስቴት ካንሰርም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል፣ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። የዘወትር የኩላሊት እጥበት መድኑ ከማይሸፍናቸው አገልግሎቶች አንዱ መሆኑንም እናስታውስ። ቀዶ ሕክምናው የዘገየበት አባል መጨረሻ ላይ የሚደርሰው መድኑ ጨርሶ ወደማይከፍልለት በሽታ ነው።

በሀገራችን የጤና ሥርዓት የመጀመሪያ ደረጃ፣ አጠቃላይና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች በሦስት እርከን ተደራጅተዋል። አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 ሚሊዮን እስከ 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል የታሰበ ሲሆን የቀዶ ሕክምና፣ የውስጥ ደዌ፣ የሕፃናትና የማኅፀን ሐኪሞች ይመደቡበታል። ዩሮሎጂ የሚገኘው ከዚያ በላይ ባለው እርከን ነው። ከሕዝቡ ብዛት አንጻር እጅግ ጥቂት የሆኑት ዩሮሎጂስቶቻችንም የተሰባሰቡት በአዲስ አበባና ትልልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ባሉባቸው ከተሞች ነው። ስለዚህ የሰቆጣው አዛውንት የሪፈር ወረቀት ይዞ በወልድያ በኩል ወደ ደሴ፣ ወይም ወደ ባሕር ዳርና ጎንደር፣ ካልሆነም 700 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ አዲስ አበባ መሄድ ሊኖርበት ነው። ቱቦ ከነከረጢቱ የታሰረለት ሰው ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚሰማው፣ ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

መድኑ የትራንስፖርት፣ የአልጋ ኪራይና የአስታማሚ ወጪ አይሸፍንም። ውሉም በአብዛኛው ከመንግሥት ተቋማት ጋር ነው። በመንግሥት ሆስፒታል ወረፋው ረዝሞ በሽተኛው ወደ ግል ክሊኒክ ሲሄድ፣ ሐኪሙ ያው ሐኪም ቢሆንም መታወቂያው እዚያ አይሠራም። ፍየል የሚሸጠው ያኔ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈበት፣ በ2016 ዓ.ም. ድርቅ ከብቱን የፈጀበት የሰሐላ፣ የዝቋላና የአበርገሌ ገበሬ ደግሞ የሚሸጠው ፍየል ራሱ ስንት ቀርቶታል? አማርኛ የማይቀናው ኽምጣና ተናጋሪ ሽማግሌ በማያውቀው ከተማ ከመስኮት ወደ መስኮት ሲንከራተት የሚደርስበትንም ከዚሁ ላይ መደመር ነው።

መድኑ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር የየወረዳው መዋጮ በየወረዳው ቋት ነበር የሚጠራቀመው። ለተራ ሕክምና ይህ ይበቃ ይሆናል። ለትልቅ ቀዶ ሕክምና ግን አንድ ድሃ ወረዳ ብቻውን ሩቅ ካለ ሆስፒታል ጋር ውል ገብቶ ሒሳቡን በጊዜው መክፈል ይቸግረዋል፤ ክፍያ የሚዘገይበት ሆስፒታልም ከሩቅ የመጣን አባል በደስታ አይቀበልም። ቋቱን ወደ ዞንና ወደ ክልል የማሳደጉ ሥራ የእቅድ ሰነድ ማሟያ ሆኖ እንዳይቀር የምንወተውተው ለዚህ ነው። ሩዋንዳ የማኅበረሰብ መድኗን እ.ኤ.አ. በ2015 በአንድ ብሔራዊ የማኅበራዊ ዋስትና ተቋም ሥር አድርጋለች። እዚያ ገበሬው በሪፈር እስከ ብሔራዊ ሆስፒታል በዚያው መድን ይታከማል፤ በሆስፒታል ከወጪው የሚከፍለው 10 በመቶውን ነው። ሩዋንዳ ከእኛ የተለየ ሀብት ኖሯት አይደለም።

ቋቱ እስኪሰፋ ድረስ ግን መጠበቅ የለብንም። ሃያ አዛውንቶችን ከነአስታማሚዎቻቸው ደሴ ከማድረስ አንድ ዩሮሎጂስት ከአንድ የማደንዘዣ ባለሙያ ጋር ሰቆጣ ማምጣት ይቀላል፤ በወጪም ያንሳል። ለፌስቱላ ሕሙማን ይህ መንገድ ተሞክሮ አይተናል። ሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ሥራ ጀምሮ ሕክምናውን በነጻ ሲሰጥ ኖሯል። ኋላም ሴቶቹ ሁሉ ወደ ዋና ከተማ ይምጡ ሳይል በባሕር ዳርና በሌሎች ከተሞች ማዕከላት ከፍቷል። ያደገ ፕሮስቴትን ከፍቶ ማውጣት ልምድ ያለው ጠቅላላ የቀዶ ሐኪምም የሚሠራው ሥራ ነው። በመሣሪያ በሽንት ቧንቧ በኩል ገብቶ መቅረፉ ውድ ዕቃና የተለየ ሥልጠና ስለሚጠይቅ ለሪፈራል ሆስፒታሎች ይቆይ። ስፔሻሊስቱ በየተወሰነ ጊዜ ሰቆጣ እየመጣ ከሆስፒታሉ የቀዶ ሐኪሞች ጋር ቢሠራ፣ በሽተኞቹን ማከም ብቻ ሳይሆን ሙያውንም እዚያው ያስቀምጣል። የአማራ ክልል ጤና ቢሮና የማስተማሪያ ሆስፒታሎቹ ይህን በቋሚ መርሐ ግብር ይያዙት። የጉዞውንና የውሎ አበሉን ወጪም መድኑ ይጋራ።

ወረፋ ለሚጠብቁት ደግሞ ትንሽ የሚመስል ነገር ብዙ ይረዳል። ቱቦ እንደ ዓይነቱ ከጥቂት ሳምንት እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መለወጥ አለበት፤ ከዘገየ ይደፈናል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል። የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ ሊለውጠው እየቻለ ለዚህ ብቻ አዛውንቱን ከገጠር ሰቆጣ ማመላለስ አይገባም። ቱቦው፣ ከረጢቱና እንደ ታምሱሎሲን ያለው የሽንት ማቅለያ መድኃኒት በመንግሥት ፋርማሲ መኖር አለባቸው። ከሌሉም አባሉ ከውጭ የገዛበት ደረሰኝ ያለ ምልልስ ይከፈለው። የለም ተብሎ ከውጭ ግዛ የተባለ ሰው መዋጮውን ለምን እንደከፈለ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት የገባው ቃል የሰቆጣ ቃል ኪዳን ተብሎ በዚህች ከተማ ስም ተጠርቷል። ለሕፃናቱ የተገባው ቃል ልክ ነበር፤ የዚያው አካባቢ አያቶችም ድርሻቸው አላቸው።

የኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት፣ የክልሉ ጤና ቢሮና የብሔረሰብ አስተዳደሩ ጤና መምሪያ ከሚቀጥለው የመዋጮ ወቅት በፊት አንድ ነገር እንዲያደርጉ እንጠይቃለን። ለእያንዳንዱ የዋግ ወረዳ ውል ያለውን፣ ዩሮሎጂስት ያለበትንና መታወቂያውን የሚቀበለውን ሆስፒታል በስም ለይተው በአማርኛና በኽምጣና በየቀበሌው ይለጥፉ። ሪፈር የሚጽፈው ሐኪምም በሽተኛው አውቶቡስ ከመሳፈሩ በፊት ለዚያ ሆስፒታል ደውሎ የቀጠሮውን ቀን ወረቀቱ ላይ ይጻፍለት።