ለኋለኛው ሯጭም አሯሯጭ ይመደብለት

ኅዳር ሲቃረብ የአዲስ አበባ ማለዳ በሯጭ ይሞላል። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ 10 ኪሎ ሜትሩን ለመጨረስ የሚነሳሳው የቢሮ ሠራተኛ፣ ተማሪና ነጋዴ በየሰፈሩ ቡድን መሥርቶ ይለማመዳል። እኔም ከእነዚህ የጀማሪ ቡድኖች አንዱን አሠለጥናለሁ። የሚያሳዝነኝ ብዙዎች ወር ሳይሞላቸው መጥፋታቸው ነው። «ሰነፉ» ሲባል አልስማማም። ያባረራቸው ፍጥነቱ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ከስልክ ላይ የተወሰደ የልምምድ ፕሮግራም «በኪሎ ሜትር 6 ደቂቃ» ስላለ ብቻ እዚህ ያንኑ መከተል ጀማሪን ትንፋሽ ያሳጥረዋል። በዚያ ላይ ልብና ሳንባ ቶሎ ሲለምዱ ጅማትና አጥንት ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ ሰውየው በርትቻለሁ ባለ ሰሞን ቁርጭምጭሚቱ ወይም ጉልበቱ ያስቆመዋል። በሶምሶማ ቀን መለኪያዬ ወሬ ነው፤ ጎን ለጎን እየሮጡ ስለ ልጅም ስለ ኑሮም ማውራት ከቻሉ ልክ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩ ከተቆራረጠ ይቀንሱ።

የፍጥነት ልምምድ ግን ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። 400 ሜትር ስድስት ዙር፣ በየመሀሉ 2 ደቂቃ እርምጃ። አንዲት የባንክ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ዙር በ2 ደቂቃ በረረችው። ሦስተኛው ላይ 2 ደቂቃ ከ50 ደረሰች፤ አራተኛው ላይ ወገቧን ይዛ ቆመች። በቀጣዩ ሳምንት አብሬያት ሮጥኩ። በየ100 ሜትሩ 40 ሰከንድ እየጠራሁ ያዝኳት። «ኮች፣ ትንሽ ልጨምር?» ትላለች። «ቆይ እህቴ፣ አሁን አይደለም» እላለሁ። ሁለተኛውም አራተኛውም ዙር በዚያው ሄደ። ስድስተኛውን በ2 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ስትጨርስ ሰዓቱን ከእጄ ተቀብላ ራሷ አየችው። ያን ቀን ያገኘችው እግሯ የሚያውቀው የራሷ ፍጥነት ነው፤ ይህንን ውድ የእጅ ሰዓት አይሰጥም።

ቀነኒሳ በቀለ በ1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሲሮጥ፣ አንዱን ኪሎ ሜትር በአማካይ በ2 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ገደማ ነበር የጨረሰው። የእኔዋ ሯጭ በዚያ ጊዜ የምትሸፍነው 400 ሜትር ነው። ሁለቱም ሥራቸው አንድ ነው፤ አቅምን አመጣጥኖ እስከ መጨረሻ ማድረስ። ክብረ ወሰን ለሚሞክር አትሌት አሯሯጭ ከፊት ይመደባል። በሰፈር ቡድኖቻችን ግን ፈጣኑ እንዳሻው ይመራል፣ አሰልጣኙም ዓይኑን ከፊተኞቹ አይነቅልም፣ ኋላ የቀረችው ብቻዋን ትታገላለች። ይህ ልክ አይደለም። ልምድ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ኋላ ነው፤ ፊተኞቹ መንገዱን አያጡትም።

ቡድን የምትመሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ከመጪው ሳምንት ጀምሮ ጀማሪዎቹን በአቅማቸው ለሁለት ወይም ለሦስት ክፈሏቸው፤ ለእያንዳንዱም ሰዓት የሚጠራ አሯሯጭ መድቡ። ፈጣኖቹ ቀድመው ሲጨርሱ ወደ ቤት አይበተኑ። ዞረው ይምጡና የመጨረሻውን ዙር ከኋለኞቹ ጋር በሶምሶማ ይሩጡ፤ ሰውነት ማፍታታቱንም አብረው ይሥሩ።