ሁለቱን ቴሌግራሞች አብረን እናንብብ

የቀዝቃዛውን ጦርነት አጀማመር ብዙዎቻችን የተማርነው ጥፋተኛው አስቀድሞ ተለይቶልን ነው። በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት ጠብ ጫሪው የአሜሪካ ኢምፔሪያሊዝም ነበር፤ ዘመኑ ሲያልፍ ደግሞ ተወቃሹ ስታሊን ብቻ ሆነ። ተከሳሹ ተቀየረ እንጂ አጠናናችን ያው ነው። አንድ ተማሪ ከየት ልጀምር ብሎ ቢያማክረኝ፣ በ1946 እ.ኤ.አ. ከተጻፉ ሁለት ቴሌግራሞች ጀምር እለዋለሁ።

አንደኛውን የላከው በሞስኮ የአሜሪካ ኤምባሲ ዲፕሎማት የነበረው ጆርጅ ኬናን ነው። ዋሽንግተን የሶቪየቶችን ጠባይ እንዲያስረዳት ስትጠይቀው ታሞ ተኝቶ ነበር፤ መልሱንም አልጋው ላይ እንዳለ ቃል በቃል እየተናገረ አስጻፈው። ክሬምሊን በአሮጌው የሩሲያ የሥጋት ስሜት ተይዟል፣ በምክንያት አይረታም፣ ጉልበት ሲያይ ግን ያፈገፍጋል የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ፌብሩዋሪ 22 የተላከው ይህ ጽሑፍ የዋሽንግተን ባለሥልጣናት እየተቀባበሉ ያነበቡት ሰነድ ሆነ።

ሁለተኛው ሴፕቴምበር 27 ከዋሽንግተን ወደ ሞስኮ ሄደ። ጸሐፊው የሶቪየት አምባሳደር ኒኮላይ ኖቪኮቭ ነው። አሜሪካ ዓለምን ለመግዛት ተነሥታለች፤ በየባሕሩ የምትዘረጋው የጦር ሰፈርና የሚያብጠው የመከላከያ በጀቷ ምስክር ነው ይላል። ኖቪኮቭ በኋላ እንደተናገረው፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሞሎቶቭ ምን ዓይነት ሪፖርት እንደሚፈልግ አስቀድሞ ነግሮታል። አለቃው ሊሰማ የፈለገውን ጽፎ ላከ ማለት ነው።

ጎን ለጎን ሲነበቡ ሁለቱም ዲፕሎማቶች የጎረቤታቸውን አጥር ማጥበቅ ለወረራ ዝግጅት ወስደውታል። ስታሊን 27 ሚሊዮን ያህል ዜጎች ካለቁበት ጦርነት ወጥቶ በፖላንድ በኩል ዳግመኛ ጠላት እንዳይመጣበት ይሻል፤ ዋሽንግተን ግን የታያት የመስፋፋት ጥማቱ ነው። አሜሪካ ዳግመኛ ፐርል ሃርበር እንዳይደርስባት የጦር ሰፈር ትዘረጋለች፤ ሞስኮ ደግሞ ተከበብኩ አለች።

የመሪዎቹ ጠባይም የራሱን ድርሻ አዋጥቷል። ትሩማን ሩዝቬልትን የተካው በምክትልነት ገና 82 ቀን እንደሠራ ነው፤ የአቶም ቦምቡን ምስጢር በዝርዝር የነገሩትም ሥልጣን ከያዘ በኋላ ነበር። ጁላይ 24 ቀን 1945 በፖትስዳም ስብሰባው ሲበተን፣ እንደ ዋዛ ወደ ስታሊን ጠጋ ብሎ አሜሪካ ከተለመደው ውጭ አውዳሚ የሆነ አዲስ መሣሪያ እንዳላት ነገረው። ስታሊን ፊቱ ሳይለዋወጥ አለፈው። ትሩማንና ቸርችል ነገሩ አልገባውም ብለው ደመደሙ። ስታሊን ግን እንደ ክላውስ ፉክስ ባሉ ሰላዮች አማካይነት ስለ ቦምቡ ቀድሞ ሰምቷል። ወር ሳይሞላ፣ ሂሮሺማ በተመታች በሁለት ሳምንቷ፣ የራሱን ቦምብ የሚያሠራ ልዩ ኮሚቴ በምስጢር ፖሊሱ አለቃ በቤርያ መሪነት አቋቋመ። በአንዲት አጭር ጭውውት አንዱ የደበቀ፣ ሌላው ያልሰማ እየመሰለ ተለያዩ።

ይህ ሲባል ሁለቱ እኩል ያጠፉ ናቸው ማለቴ አይደለም። ስታሊን በያልታ ጉባኤ ለፖላንድ ነፃ ምርጫ ቃል ገብቶ ነበር፤ በ1947 የተካሄደው ምርጫ ግን የተጭበረበረ ነበር። ፍርሃት ያስረዳል እንጂ በደልን አያጥብም። ፍርዱ ግን የሁለቱም ወገን መዝገብ ከተገለጠ በኋላ ቢመጣ ይመረጣል። የኬናን ጽሑፍ ገና በማለዳው ዝነኛ ሲሆን የኖቪኮቭ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1990 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን መካከል ስንት መጽሐፍ በአንድ ወገን መዝገብ ተጻፈ!

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ የዘመተው በዚህ ፉክክር ውስጥ ነው፤ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ ከዋሽንግተን ወደ ሞስኮ የዞርነውም እንዲሁ። ስለዚያ ዘመን ሁለቱ ኃያላን ከተጻጻፉት ከፊሉ ዛሬ ለተመራማሪ ክፍት ነው። የታሪክ ተማሪዎቻችን ሁለቱንም መዝገብ አንብበው፣ ከአዲስ አበባ የተላከው ሪፖርት ስንቱ እውነት፣ ስንቱ አለቃን ማስደሰቻ እንደነበር ቢነግሩን እወዳለሁ።