ወርቁን ከመንገራችሁ በፊት ሰሙን አሳዩኝ

ማሳሰቢያ፦ ከዚህ በታች የዳርክ ሶልስና የኤልደን ሪንግ ምስጢሮች ይነሳሉ። ገና እየተጫወታችሁ ከሆነ ጨርሳችሁ ተመለሱ፤ ጽሑፉ የትም አይሄድም።

ዛሬ አንድ ነገር ልናዘዝ። ለሦስት ዓመት ያህል አንድ ስሕተት እውነት ነው ብዬ ተከራክሬአለሁ። ስሕተት መሆኑ ከታወቀ በኋላም አንድ ዓመት ጨምሬበታለሁ። ጉዳዩ ፖለቲካ አይደለም፤ የጌም ገጸ ባሕርይ ነው። «ለዚህ ነው እንዴ ይህን ያህል የምትጽፈው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ፤ ነገሩ ከጌም ወጥቶ ቤቴ ድረስ ገብቷል።

እኔና ታናሽ ወንድሜ ዳርክ ሶልስን ያገኘነው በሃርድ ዲስክ አስገልብጠን ነው። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ወጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ 2013 ሆኖ ነበር። ፒኤስ ቤት ቁጭ ብለን የለመድነው ኳስ ነው፤ ኳስ ደግሞ ማብራሪያ አይፈልግም። ይሄኛው ግን ሌላ ነው። ታሪኩን ቁጭ ብሎ የሚተርክላችሁ የለም። መንገድ ላይ የምታገኟቸው ሰዎች ሁለት ሦስት ዐረፍተ ነገር ጣል ያደርጉና ይስቃሉ፤ ለምን እንደሚስቁም አይናገሩም። ዋናው ታሪክ ያለው በየዕቃው መግለጫ ውስጥ ነው። ቀለበት ታነሳላችሁ፣ ሥሩ ጥቂት መስመር ጽሑፍ አለ። ሰይፍ ታነሳላችሁ፣ ሌላ ጥቂት መስመር። አንዱ ከሌላው ጋር ሲገጥም የአንድ መንግሥት አወዳደቅ ይወጣል።

እንግሊዝኛችን አይበቃንም ነበር። እሱ ይጫወታል፤ እኔ መዝገበ ቃላት ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ያልገባንን በግምት እንሞላዋለን። መብራት ሲጠፋ ጨዋታው ይቆማል እንጂ ክርክሩ አይቆምም።

ኋላ ላይ ያነበብኩት ነገር አስገረመኝ። የጌሙ ዳይሬክተር ሂዴታካ ሚያዛኪ ጃፓን ውስጥ ሺዙኦካ ከሚባል አካባቢ፣ እጅ ካጠረው ቤተሰብ የወጣ ሰው ነው። መጽሐፍ መግዛት ስለማይቻል ከቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ ያነብ ነበር፤ ከንባብ ችሎታው በላይ የሆኑ የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን ጭምር። ያልገባውን ቦታ ሥዕሎቹን እያየ በራሱ ምናብ ይሞላው እንደነበር ለጋዜጠኛ ተናግሯል። ጌሞቹንም እንዲሁ ሆን ብሎ ቀዳዳ እየተወ ነው የሚሠራቸው። እንግዲህ እኔና ወንድሜ መዝገበ ቃላት ይዘን ስንገምት ጌሙን እያጣመምነው አልነበረም። ጌሙ የተሠራው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ «ቲዎሪ ማውጣት የሥራ ፈት ሥራ ነው» ከሚሉት ጋር አልስማማም። የኔ ቅሬታ ከራሳችን ከቲዎሪ አውጪዎቹ ጋር ነው።

ሶሌር ማን ነበር?

በጌሙ ታሪክ የአማልክቱ ንጉሥ ግዊን የበኵር ልጅ ነበረው። የጦርነት አምላክ ነበር። በስንፍናው ክብሩ ተገፎ ስሙ ከታሪክ ተፋቀ። ማን ነው? የት ሄደ? የመጀመሪያው ጌም አይናገርም።

በዚያው ጌም ሶሌር የሚባል ደግ ጦረኛ አለ። ደረቱ ላይ ፀሐይ ተስላለች፤ «የራሴን ፀሐይ እፈልጋለሁ» እያለ ይዞራል። ልክ እንደ ግዊን መብረቅ ይወረውራል። መጀመሪያ የምታገኙት ከፀሐይ መሠዊያው ብዙም ሳይርቅ ነው፤ መሠዊያው ላይ ደግሞ የተሰበረ ሐውልት አለ። በመጨረሻው ውጊያ ከግዊን ጋር ስትገጥሙ ከጎናችሁ ሊሰለፍ ይችላል። ልጅ በአባቱ ላይ! ይህን ሳስብ ፀጉሬ ቆመ። ሶሌር የጠፋው በኵር ነው አልኩ። እንዲህ ያልኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ በመላው ዓለም ብዙ ተጫዋች ያመነበት ቲዎሪ ነው።

ወንድሜ አልተቀበለኝም። የሶሌርን የጦር ልብስ መግለጫ አነበበልኝ። ፀሐይዋን የሳለው ራሱ ሶሌር ነው፤ ምንም ኃይል የላትም ይላል። «አምላክ ከሆነ ምልክቱ ለምን ባዶ ሆነ?» አለኝ። «ክብሩ ስለተገፈፈ ነዋ!» አልኩት። አያችሁ? የተቃወመኝን ማስረጃ ገልብጬ የራሴ ምስክር አደረግኩት። ያን ጊዜ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 ዳርክ ሶልስ 3 ወጣ። ከተራራ ጫፍ ላይ፣ ስም የለሽ የሚባል ንጉሥ መብረቅ ይዞ በዘንዶ ላይ ተቀምጦ መጣብን። ቀድሞ ዘንዶ ገዳይ የጦርነት አምላክ የነበረ፣ ኋላ ሁሉን ትቶ ከዘንዶዎቹ ጋር ያበረ ነው ይላል ጽሑፉ። ዘውዱም የመጀመሪያውን ንጉሥ ዘውድ ይመስላል። ጌሙ «ልጁ ይህ ነው» ብሎ በጣት ባያሳይም፣ ሶሌር የነበሩት ማስረጃዎች ሁሉ ለዚህ ሰው የበለጠ ይገጥማሉ። ወንድሜ ምንም አላለም፤ ዞር ብሎ አየኝ ብቻ።

እኔስ? መጀመሪያ «ሁለት ልጆች ነበሩት» አልኩ። ቀጥሎ «ሶሌር የስም የለሹ ሌላ መልክ ነው» አልኩ። በመጨረሻ «ተጫዋቹ ስለነቃባቸው ታሪኩን ቀየሩት» አልኩ። ይቺ ሦስተኛዋ ዛሬም ታሳፍረኛለች። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የፈለገው ማስረጃ ቢመጣ እኔን የሚረታኝ አልነበረም። የማይሸነፍ ቲዎሪ ይዤ ነበር። የማይሸነፍ ቲዎሪ ደግሞ ስለ ጌሙ ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ባለቤቱ ነው።

ኅብረ ቃሉ የት ነው?

ለዚህ በሽታ መድኃኒቱ እኛው ዘንድ አለ። ሰምና ወርቅ ስንል ብዙ ጊዜ ወርቁን ብቻ እናሞግሳለን፤ የተደበቀውን። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ሌላ ነው፤ ኅብረ ቃሉ የት ነው? ሁለቱን ፍች የተሸከመው ያ አንድ ቃል ካልታየ ወርቅ የለም፤ የአድማጩ ሕልም ብቻ ነው ያለው። የመጻሕፍት ትርጓሜም እንደዚያው ነው። መምህሩ «አንድም» እያለ ፍች በፍች ላይ ይደረድራል፤ አንዱን ለማቆም ሌላውን መጣል ግድ አይሆንበትም። ሆኖም ሁሉም ፍች ተመልሶ ንባቡ ላይ ያርፋል። ተማሪውም ንባብ ቤት ሳያልፍ ትርጓሜ ቤት አይገባም።

በዚህ ሚዛን ጥቂት ምስጢሮችን እንመዝን።

አኖር ሎንዶን አስታውሱ። ያቺ በፀሐይ የምታበራ የአማልክት ከተማ፣ ያቺ ግዙፏ ልዕልት ግዊነቪር። ብዙ ተጫዋች ሰግዶላት፣ የምትሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል። አንድ ቀስት ወርውራችሁ ብትመቷት ግን ትጠፋለች፤ ፀሐይዋም አብራ ትጠፋና ከተማው ይጨልማል። ብዙዎቹ ጠባቂዎች ሳይቀሩ የሉም። ሁሉም የወንድሟ የግዊንዶሊን የጨረቃ አስማት ነበር። ይህ ወርቅ ነው። ሰሙም ዓይናችን ፊት የቆመ ነበር፤ የምትመታው ልዕልትና አብራት የምትጠፋው ፀሐይ።

አሁን ወደ ኤልደን ሪንግ እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሲወጣ የዓለሙን ጥንተ ታሪክ የጻፈው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው ተባለ። ወዲያው አንድ ቲዎሪ ተናፈሰ፤ የዋና ዋናዎቹ ገጸ ባሕርያት ስም በጂ፣ በአር እና በኤም ይጀምራል፣ ስለዚህ ደራሲው የስሙን መነሻ ፊደላት ደብቆበታል የሚል። ጎድሪክ፣ ራዳን፣ ማሌኒያ... ይገጥማል! ማርቲን ራሱ በብሎጉ መልስ ሰጠ። ለእሱም አዲስ ወሬ እንደሆነበትና ስሙ ጌሙ ላይ በግልጽ ተጽፎ ሳለ የሚደብቅበት ምክንያት እንደሌለው ጻፈ።

የሚያስቆጨኝ ግን መሳሳታችን አይደለም። ፊደላቱ በእውነት የሚናገሩት ነገር ነበራቸው፤ ያለፍነው እሱን ነው። ራዳጎን ከሬናላ የወለዳቸው ራዳን፣ ራይካርድ እና ራኒ ናቸው፤ ሁሉም በአባትና በእናታቸው ፊደል ይጀምራሉ። ያው ራዳጎን ከንግሥት ማሪካ የወለዳቸው ግን ሚኬላ እና ማሌኒያ ናቸው። የአባታቸው ፊደል የት ገባ? መልሱ የጌሙ ትልቁ ምስጢር ነው፤ ራዳጎን ራሱ ማሪካ ነው። እንግዲህ ልጆቹ በኤም ቢጀምሩ ምን ይገርማል? ይህ የኔ አነባበብ ነው፤ ልሳሳት እችላለሁ። ነገር ግን እያንዳንዱ ስም ጌሙ ውስጥ አለ፣ ዝምድናውም ተጽፏል። ደራሲውን ፍለጋ ከጌሙ ስንወጣ የቤተሰቡን ታሪክ ረግጠነው አለፍን።

ሌላ ደግሞ፦ የዳርክ ሶልስ 3 የመጨረሻ ማስፋፊያ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ፣ አንዲት ሠዓሊ ልጅ በጨለማው ነፍስ ደም አዲስ ዓለም ልትስል ቀለም ትጠብቃለች። «ያ ዓለም ብለድቦርን ነው!» ተባለ፤ ብለድቦርን የደም ጌም ስለሆነ። ውብ ሕልም ነው፤ እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን ብለድቦርን የሶኒ ንብረት ነው፤ ዳርክ ሶልስን ያሳተመው ባንዳይ ናምኮ ነው። የሚያገናኛቸው «ደም» የሚል ቃል ብቻ ነው። ደም ያለበት ሁሉ ዘመድ ከሆነ ዓለም በሙሉ አንድ ቤት ነው። የጨረቃ ብርሃን ሰይፍም እንዲሁ ነው። ከ1994ቱ ኪንግስ ፊልድ ጀምሮ በብዙ የፍሮምሶፍትዌር ጌሞች ውስጥ አለ። አንድ ሸማኔ በሁለት ቀሚስ ላይ ያንኑ ጥለት ቢያወጣ ግን ለባሾቹ እኅትማማች አይሆኑም። ጥለቱ የሚነግረን ሸማኔው አንድ መሆኑን ነው።

ከጌሙ ውጭ

ወደ ቤቴ ልመለስ። ወንድሜ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ዱባይ ሄደ። በቴሌግራም ድምፅ እየተላላክን ያንኑ የድሮ ክርክር እንቀጥል ነበር። አንድ ክረምት ላይ ጠፋብኝ። ረጅም ድምፅ ስልክለት «እሺ» ብሎ ብቻ ይመልሳል። መጨረሻ የታየበትን ሰዓት ደበቀው። ከእኔ ጋር የተነሳውን ፎቶ ከፕሮፋይሉ አንስቶ ባዶ ሰማይ አደረገ። እኔ ደግሞ ዕቃ አነባለሁ፤ ሥራዬ ነው። ሦስቱን ገጣጠምኩ። ከመሄዱ በፊት በእናታችን ቤት እድሳት ገንዘብ ትንሽ ተነጋግረን ነበር፤ አሃ፣ ቂም ይዟል አልኩ። ለእኅታችንም ነገርኳት፤ እሷም አመነች። «ደህና ነኝ» ብሎ ሲልክ «አየሽ፣ ሊሸፍን ነው» አልኳት። ሶሌርን ያዳንኩበት ያ ዘዴ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ራሱ ደወለ። የሌሊት ፈረቃ ላይ ተመድቦ ቀን ቀን እየተኛ ነበር። መልእክቶቼን የሚያያቸው በእንቅልፍ ልቡ ነው። ሰዓቱን የደበቀው አለቃው «ኦንላይን ሆነህ ለምን አትመልስም» ስላለው ነው። ሰማዩስ? «ወንድምዬ፣ ከፈረቃ ስወጣ የማየው ፀሐይ ስትወጣ ነው፤ አንተ ትስቃለህ ብዬ ነው ያደረግኩት» አለኝ። የራሱን ፀሐይ አግኝቶ ነበር። ለእኔ የተላከች ቀልድ ነበረች፤ እኔ ቂም አድርጌ አነበብኳት።

ሚያዛኪ የተወውን ቀዳዳ በግምት ብሞላው ማንም አይጎዳም፤ ለዚያ ብሎ ነው የተወው። ሶሌርን ደውዬ ልጠይቀው አልችልም። ወንድሜን ግን መጠየቅ እችል ነበር። ስልኩ ነበረኝ። የሰው ዝምታ ኅብረ ቃል አይደለም፤ ገና ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ ቲዎሪ ከመለጠፋችሁ በፊት፣ የጌምም ይሁን የጎረቤት፣ ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ።

1. ኅብረ ቃሉ የት ነው? ጣቴን የማሳርፍበት ቦታ አለ?
2. ምን ቢገኝ ይህን ሐሳብ እተወዋለሁ? መልሱ «ምንም» ከሆነ ቲዎሪ አይደለም።
3. መጠየቅ የምችለው ሰው እያለ ነው የምገምተው?

ሶሌርን በተመለከተ ተሸንፌአለሁ። ዘግይቶም ቢሆን ለወንድሜ በጽሑፍ አረጋግጬለታለሁ። በዚያ ቲዎሪ የተነሳ ግን የጌሙን እያንዳንዱን ቀለበት አንብቤአለሁ፤ እንግሊዝኛዬም የተቃናው በዚያ ነው። ትክክል ባይሆንም ሰም ነበረው። ስለ ወንድሜ የፈጠርኩት ሰም እንኳ አልነበረውም።

እናንተስ? በሙሉ ልባችሁ አምናችሁበት የፈረሰባችሁ ቲዎሪ የቱ ነው? ከሥር ጻፉልኝ፤ ማስረጃችሁን ግን ከነመስመሩ አምጡ።